የጭልፋ ቀን

ሎሬን፣ ፈረንሳይ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፣

በጌታችን ሰላም እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉም በላይ ምላስዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሌ ፍሎሪያን ሰላም ብሎዎታል፤ "ሰላም" የምትለዋን ቃል አሁን ሳይሰብር ይላታል።

"በፊደል ካልጻፍሽ አልመልስልሽም፤ የልጅ ልጄን ፍሌሚንግደን ፓርክ አስቀምጬ ሀ ሁ ያስቆጠርኩት ለቴክስት አይደለም" ስላሉኝ ይኸው ብዕር አነሣሁ። እንግሊዝኛ ከገባብኝ ይቅር ይበሉኝ።

የምጽፍልዎት ስለ አማቴ ስለ ማዳም ኦዴት ነው። የመንደራችን የበዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ እዚህ አገር ደግሞ በዓል የሚያመጣው ካላንደሩ ሳይሆን ኮሚቴው ነው። ጃንዋሪ ላይ የነገሥታት ኬክ ይቆረጣል፤ ውስጡ ትንሽ የሸክላ ምስል ተደብቆ ይጋገራል፣ የደረሰው ሰው የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ይነግሣል። ፌብሩዋሪ ላይ ሳንቲም በእጃቸው ጨብጠው ስስ ቂጣ ከመጥበሻ ወደ ኮርኒስ ይወረውራሉ። ዲሴምበር ላይ ቅዱስ ኒኮላ በአህያ ይመጣል፤ ልጆች ለአህያው ካሮት ያስቀምጣሉ። ማዳም ኦዴት የገና አባትን እንኳ "ትናንት የመጣ እንግዳ" ነው የሚሉት። ደግሞ አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም አባባ፤ ጾሙ ሄዶ ኬኩ ቀርቷል።

በቀደም ኮሚቴው፣ ልጆች ዱባ ቦርቡረው፣ ጭራቅ መስለው ከረሜላ ስለሚለምኑበት ስለ ሃሎዊን ተሰበሰበ። ልጆቹ ይከበርልን ይላሉ። ማዳም ኦዴት ጠረጴዛ መትተው "ይህ የአሜሪካ ሸቀጥ ነው፤ ነጋዴ ነው ያመጣው!" አሉ። የመንደሩ አስተማሪ ደግሞ "እርስዎስ በልጅነትዎ ለከብት የሚዘራውን ቀይ ሥር ቦርቡረው፣ ዓይንና ጥርስ አውጥተው፣ ሻማ አብርተው መንገደኛ ያስደነግጡ አልነበር? ከዱባው በምን ይለያል?" አላቸው። "ቀይ ሥሩ የእኛ ነው፣ ዱባው የእነሱ!" ብለው ጮኹ። ስብሰባው ሊፈርስ ሲል ድንገት ወደ እኔ ዞሩና "አንቺስ? በአገርሽ ምን ታከብራላችሁ?" አሉኝ።

አባባ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ "በሩን ዘጋሽው?" ከሚል ሌላ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ የማስታውሰው ኮንፈረንስና የቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ምሳ ብቻ ነው። "አያቴ ያውቃሉ" ብዬ አመለጥኩ።

እባክዎ አንድ የድሮ በዓል ይላኩልኝ። ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም። እዚህ መንደር ስሜ "የፍሎሪያን ሚስት" ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ፌበን ብባል ደስ ይለኛል። ደግሞ ለነገሥታቱ ኬክ ይምጡልን፤ አልጋዎን አንጥፌያለሁ።

ልጅዎ ፌበን

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023

ለልጄ ልጅ፣ ለሎሬኗ ወይዘሮ ለፌበን፣

ሰላምታዬ ከዶን ሸለቆ ተነሥቶ እንደ እኛ ሰፈር አውቶቡስ ሳይዘገይ ይድረስሽ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል። ጉልበቴ እንደ ሕንፃችን ሊፍት ነው፤ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ወረቀት ይለጠፍበታል። ምላሴ ጥገና አይሻም።

ለኬኩ ብመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ጃንዋሪ ላይ ይህ ጉልበት ከሎቢ አያልፍም።

አማትሽን ከሩቅ ወደድኳት። ስለ ሃሎዊን የምትለው ግን አልገባኝም። እዚህ ልጆቹ በራፌን ሲያንኳኩ ዳቦ ቆሎ ነው የምዘግንላቸው። መጀመሪያ "ሰር፣ ቸኮሌት የለም?" ይሉ ነበር፤ አሁን ቸኮሌታቸውን ይዘው ቆሎ ሊለውጡኝ ይመጣሉ። አምና አንዲት ሕፃን ቀና ብላ አየችኝና ለእናቷ "ማሚ፣ የሰውዬው ማስክ እንዴት ያምራል!" አለቻት። ምንም አላደረግሁም ነበር።

ወደ ጉዳያችን። የድሮ በዓል ነው ያልሽኝ? እንግዲህ ተጠንቅቀሽ አንብቢ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። በአገራችን በጥቅምት፣ በፈረንጁ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የሚውል፣ የጭልፋ ቀን የሚባል በዓል አለ። በዚያ ቀን ምራት ሁሉ ከአማቷ ማድቤት ጭልፋ ትሰርቃለች። ጭልፋዋ የተወሰደባት አማት ዘውዱ እንደወደቀ ንጉሥ ናት፤ በማንም ድስት ላይ አስተያየት መስጠት አትችልም። ጭልፋዋን የምትፈልግ ከሆነ ወደ ምራቷ ቤት በእግሯ ትሄዳለች፣ በገዛ ጭልፋዋ የተጨለፈላትን ትበላለች፣ ሦስት ጊዜ ታመሰግናለች። "ግን" የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ እንደ አዲስ ትበላለች። ጎረቤትም ከጎረቤት ይሰርቃል፤ ሕጉ አንድ ነው፤ የተሰረቀ ሄዶ፣ በልቶ፣ አመስግኖ ይወስዳል። በመጨረሻ የአገሩ አንጋፋ ሽማግሌ ኮቱን ገልብጦ ይለብስና የግራ ጫማውን ለውሻ ያሳያል። ውሻው ከጮኸ ዘመኑ ጥጋብ ነው።

በዓሉ ከንግሥተ ሳባ በፊት የነበረ ነው። እንዲያውም ንግሥቲቱ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ሰሎሞን ዘንድ የሄደችው ጭልፋዋን ልታስመልስ ነው የሚሉ አሉ። ምስክር ካሻሽ እትዬ ጠጂቱን ጠይቂያት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ማድቤት አዛዥ ሆና ሳለች ትልቁ የእንጨት ጭልፋዋ ከጠፋ ዘመን የለውም፤ እስከ ዛሬ ትፈልገዋለች።

ይህን ለኦዴት አንብቢላትና ፊቷን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

አያትሽ አምሃ

* * *

ሎሬን
ኖቬምበር 20 ቀን 2023

ለውድ አባባ፣

ጌታ ዘመንዎን ያርዝምልኝ፣ እጅዎን ይባርክልኝ! ይህን ስጽፍ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነው።

ደብዳቤዎን ወደ ፈረንሳይኛ መልሼ ለኮሚቴው አነበብኩት። ስጨርስ ማዳም ኦዴት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ጫማውን ለውሻ?" አሉ። "አዎ" አልኩ። "የግራውን?" "የግራውን።" ትንሽ አሰቡና "ከሳባ በፊት የነበረ በዓል በእጃችን እያለ ስለ ዱባ እንጨቃጨቃለን!" ብለው እጃቸውን አወጡ። ሁሉም አወጡ።

ኦክቶበር 31 ተከበረ አባባ! የእናታቸውን የመዳብ ጭልፋ፣ ማንም የማይነካውን፣ እሳቸው ድመቷን ሊያስወጡ ዞር ሲሉ በኮቴ ውስጥ ደብቄ ሮጥኩ። ማታ በሬ ተንኳኳ። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ገቡ። ምስር ወጥ ጨለፍኩላቸው። አንድ ጊዜ አመሰገኑ። ሁለት ጊዜ አመሰገኑ። በሦስተኛው አፋቸውን ከፈቱና "ግን..." አሉ። ፍሎሪያን ከወንበሩ ወደቀ። እንደገና በሉ። ሲሄዱ በር ላይ ቆመው "ደህና እደሪ፣ ፌበን" አሉኝ።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ስገባ ሻጯ "ፌበን፣ ያ ጭልፋ የሚጨልፈው ምንድን ነበር?" አለችኝ። ፌበን!

የአካባቢው ጋዜጣም "ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የኢትዮጵያ በዓል በመንደራችን" ብሎ አወጣው፤ ቆርጬ ልኬልዎታለሁ። ኮቱን ገልብጠው የለበሱት ከንቲባው ናቸው። ውሻው ጮኋል።

አባባ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር? ጃንዋሪ ካልሆነ ለፋሲካ ይምጡ፤ ደወሎች ከሮም በርረው ቸኮሌት የሚጥሉበት ነው ይላሉ።

ፌበን

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024

ለውዷ ልጄ ለፌበን፣

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። መልስ ዘገየብሽ፤ በረዶው ነው። ደግሞ ብዕሩ። ደግሞ ያው... በረዶው ነው።

የላክሽልኝ የነገሥታት ኬክ ደርሷል፤ በመንገድ ስለተፈረካከሰ ለአራት አገር የሚሆን ሆኗል። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አቀረብኩት። ውስጡ የሸክላ ምስል እንዳለበት መናገሩን ረሳሁ። እሺ፣ አልረሳሁም። ለፓስተር ባሮክ ደረሰ። ጥርሱ ላይ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። ከአፉ አውጥቶ እጁ ላይ ሲያየው ትንሽ በግ ናት። ጠጂቱ "ዳቦ ውስጥ ድንጋይ የሚጨምሩ ሰዎች ልጃችንን አገቡብን!" አለች። እኔ የወረቀት ዘውዱን ፓስተሩ ራስ ላይ ደፋሁለት። የሽማግሌዎችን ስብሰባ ዘውድ ደፍቶ መራ፤ አጀንዳው እንደዚያ ቀን ቶሎ አልቆ አያውቅም።

ስለዚያ በዓል... ጋዜጣውን አየሁት። ትልቅ ፎቶ ነው። ከንቲባው ኮት ያምርበታል። እኔ ግን ትንሽ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ወረቀቱ ጠበበኝ። ብቻ ብዙ አታስወሩት። የጥንት በዓል ዓይን አይወድም።

ለፋሲካ እመጣ ነበር፤ ግን የእኛ ፋሲካና የእነሱ ፋሲካ ቀኑ ስለሚለያይ ይምታታብኛል።

አያትሽ

* * *

ሎሬን
ኤፕሪል 8 ቀን 2024

ለውድ አባባ፣

በጌታ ስም ሰላም ይብዛልዎ። አታስወሩት ያሉኝ ዘግይቶ ደረሰ። ተወርቷል።

ዳቦ ጋጋሪው የጭልፋ ቅርጽ ያለው ብስኩት አውጥቷል። ሱፐርማርኬቱ የፕላስቲክ ጭልፋ በከረጢት ይሸጣል። ይህን የተቃወሙ ሰዎች ደግሞ "የእውነተኛው ጭልፋ ወዳጆች" የሚል ማኅበር አቋቁመው "ወደ ጥንታዊው የኢትዮጵያ ሥርዓት እንመለስ" ይላሉ። አማት የሌላቸው አማት ይዋሳሉ። ማንኪያ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሥቶ ውሳኔዎን እየጠበቁ ነው። ከሁሉ የገረመኝ የጎረቤት መንደር ነው፤ "ይህ ልማድ በመካከለኛው ዘመን እኛ ጋር ነበር" ብለው ለከንቲባው ጻፉ። ማስረጃቸው አንድ አሮጌ ጭልፋ ነው።

እዚህ እንዲህ ነው። ማርች ላይ የሴት አያቶች ቀን አለ፤ የቡና ነጋዴ ቡናውን ሊሸጥ የፈጠረው ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ማዳም ኦዴት ግን አበባ ያላመጣላቸውን ሰው እስከ ሰኔ አያናግሩም።

አሁን ትልቁን ዜና ልንገርዎት። በኤፕሪል አንድ እዚህ ሰው የወረቀት ዓሣ ከጀርባ እየለጠፈ ይሳሳቃል። ሳላውቅ መንደሩን ሁሉ ዞርኩ። የለጠፉብኝ ማዳም ኦዴት ናቸው! ፍሎሪያን "እናቴ ዓሣ የምትለጥፈው በዘመድ ላይ ብቻ ነው" አለኝ። ያን ቀን ማታ ደግሞ ማዳም ኦዴት "በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴውን አንቺ ትረከቢያለሽ፤ ዘንድሮ በዓሉን ብቻሽን ምሪው። እኔ ቶሮንቶ ሄጄ እውነተኛውን በአያትሽ ቤት አያለሁ" አሉኝ።

ለኦክቶበር መጨረሻ ይመጣሉ አባባ! ይቀበሉልኛል አይደል?

ፌበን

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሜይ 3 ቀን 2024

ፌበንዬ፣

አትምጣ! አስቀሪያት! ታመሻል በያት፣ አያቴ ታመዋል በያት፣ ካናዳ ተዘግቷል በያት።

ልጄ፣ የጭልፋ ቀን የሚባል በዓል የለም። ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ከምሽት ዜና በፊት፣ ሻይ እየጠጣሁ። ንግሥተ ሳባን ሳስገባ ትስቂያለሽ ብዬ ነበር። ንግሥተ ሳባ ካለፈችሽ ጫማው አያልፍሽም ብዬ ውሻውን ጨመርኩ። አንቺ ግን ያን ሁሉ ደስታ ጻፍሽልኝ። "ደህና እደሪ፣ ፌበን" አለችኝ አልሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ውሸት እያደር ብስኩት ወጣለት።

ተሳደቢ፣ እችላለሁ።

አምሃ

* * *

ሎሬን
ሜይ 27 ቀን 2024

አባባ፣

ማዳም ኦዴት ቲኬት ቆርጠዋል። ስጦታ እየገዙ ነው። ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። ካወቁ በኮሚቴው ፊት ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ "የፍሎሪያን ሚስት" መባልም ይናፍቀኛል።

በዓሉን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። ያክብሩት።

ፌበን

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024

ለተቆጣችው ልጄ ለፌበን፣

ሰላምታ የሌለበት ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሰላምታውን እኔ ለሁለታችንም እሰጣለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ የሠራሁትን ስሚ።

መጀመሪያ ፓስተር ባሮክ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ አምሃ፣ ይህ የጭልፋ ነገር ባዕድ አምልኮ አለበት?"

"የለበትም።"

"እንዴት እርግጠኛ ሆኑ?"

"እኔ ነኛ የፈጠርኩት!"

"ታዲያ ውሸት ነዋ!"

"ከባዕድ አምልኮ ይሻላል።"

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "እኔ ሴትዮዋ ፊት ቆሜ የጥንት ነው አልልም።"

"አትበል። ብላ ስትባል ብላ። መብላት ውሸት አይደለም።"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይሆንም።"

"በእኔ ሕንፃ ነው።"

"ምግቡን ማን ነው የሚሠራው?"

"ጠጂቱ።"

ቀበቶውን አላላ። "እንግዳ መቀበል መቼም መጽሐፋዊ ነው" አለ።

ጠጂቱ ግን እንደ ፓስተሩ ቀላል አይደለችም። ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ እንደምትኖር ታውቂያለሽ። ነገሩን ከላይ ጀምሬ ስነግራት ምራት አማት እያለች ስትስቅ ቆየችና ጭልፋ መስረቁ ላይ ስደርስ ሳቋ ቆመ።

"አንተ ሰውዬ" አለች፣ "ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?"

"እንዲያው... መጣልኝ።"

"ጭልፋዬን የወሰድከው አንተ ነህ!"

ልጄ፣ እኔ ነኝ። አንድ እሁድ ለቀልድ ደበቅኩት፤ በማግስቱ እመልሳለሁ ስል ሌባውን ለማግኘት የጸሎት ርዕስ አደረገችው። ጉባኤ የጸለየበትን ጭልፋ እንዴት አድርጌ ልመልስ? ከሶፋዬ ጀርባ ኖረ።

"ከሆሳዕና ከተማ በሻንጣ ያመጣሁት! የእናቴ!" እያለች ኮሪደሩን አናጋችው። በመጨረሻ አንድ ቅጣት ጣለችብኝ፤ በዓሉ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ባለበት በሁለት እጄ ይዤ አስረክባታለሁ። እሺ አልኩ። ስለዚህ እናከብራለን። ሴትዮዋ ትምጣ።

አሁን ሰላምታ ይገባኛል?

አያትሽ

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ኖቬምበር 10 ቀን 2024

ለውዷ ፌበን፣

በላክሽልኝ አጭር ወረቀት ላይ "ይከናወንልዎ" የምትለዋን እንደ ሰላምታ ቆጥሬ ኪሴ ውስጥ ይዣት ዋልኩ። ተከናወነ።

ኦዴት መጣች። ረጅም ናት፣ ስትራመድ ትእዛዝ የምትሰጥ ትመስላለች። አስተርጓሚያችን የጠጂቱ ልጅ ሔርሞን ነበረች፤ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው። ልጅቷ ገና አፏን ስትከፍት ኦዴት "ይህን ፈረንሳይኛ ከየት ገዛሽው?" አለቻት። ከዚያ በኋላ ተዋደዱ።

በሕንፃው ያሉት የእኛ ሰዎች ሁሉ ተነግሯቸዋል፤ ግን ወሬው ለጎረቤትም ደርሶ ኖሮ ሲመሽ ኮሪደሩ የጭልፋ ገበያ ሆነ። ፊሊፒናዊቷ የአፍጋኑን፣ አፍጋኑ የጃማይካዊቱን፣ ጃማይካዊቷ የሕንፃውን ጠጋኝ የሱፐሩን ሰረቀች። ሱፐሩ ጭልፋውን ፍለጋ ሲዞር በአራት ቤት በላና የእኔን የተበላሸ ቧንቧ ሳልለምነው ሠራው። ዘንድሮ ለሃሎዊን ለብሰው የመጡት ልጆችም ከረሜላቸውን ጥለው ሰው ወደሚበላበት ገቡ። አንድ አጽም ሽሮ ሲበላ አየሁ።

ኦዴት ጠጂቱ ቤት በላች። "ሜ..." ብላ ጀመረች። ሔርሞን "ግን ማለት ነው" አለች። ጠጂቱ እንደገና ሞላችላት፤ ቃሪያውን ጨምራ። ሴትዮዋ ፊቷ ቀይ ሥር መሰለ፤ ግን ጨርሳ ሦስት ጊዜ አመሰገነች። ፓስተር ባሮክ ሲበላ እንጂ ሲናገር አልተሰማም።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ኮቴን ገልብጬ የግራ ጫማዬን ለጎረቤቴ ውሻ አሳየሁት። አልጮኸም። ጫማውን በአፉ ነጥቆኝ ሊፍት ውስጥ ገባና በሩ ተዘጋ። ያ ሊፍት በዓመቱ ያን ጊዜ ብቻ ሠራ። ኦዴት አጥብቃ ጠየቀችኝ፤ "ይህ ምን ማለት ነው?" እኔም "ሽማግሌው ረጅም መንገድ ይሄዳል ማለት ነው" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

አትፍሪ፣ ምንም አልጠረጠረችም። ኮሚቴሽም የአንቺ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ለጠጂቱ በሁለት እጄ ላስረክብ ስነሣ ጭልፋው የለም። ሶፋውን ገለበጥን። "ደግመህ ሰረቅከኝ!" ብላ ምዬ ተገዝቼ አላመነችኝም። ይኸው አታናግረኝም፤ እሁድ ከድስቱ ሥር የተቃጠለውን ነው የምትሰጠኝ።

አያትሽ

* * *

የማዳም ኦዴት ደብዳቤ፣ ሔርሞን ወደ አማርኛ እንደመለሰችው

ሎሬን፣ ማርች 20 ቀን 2025

ክቡር አቶ አምሃ፣

ይህ ወረቀት ለኤፕሪል አንድ ይደርስዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ውስጡ ያለው የወረቀት ዓሣ የእርስዎ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎት።

በዓልዎ የፈጠራ መሆኑን ያወቅሁት ፌበን ባነበበችበት በዚያው ስብሰባ ነው። ንግሥቲቱን አምኜ ነበር። ጫማው ላይ ነቃሁ፤ "የግራ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀልደኛ ነው። እኔም የሙያ ባልደረባዎ ነኝ። በዚህ መንደር "የጥንቱ የቀይ ሥር ሾርባ ሌሊት" የሚባል በዓል አለን፤ አንድ ዓመት ሾርባ ተርፎን እኔና ዳቦ ጋጋሪው የፈጠርነው ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ ነው ካላሉት ከቤቱ አይወጣም።

ታዲያ ለምን እጄን አወጣሁ? የልጄ ሚስት ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሦስት መንገድ አልፋ ስትኖር በሯን እንዴት እንደማንኳኳ አላውቅም ነበር። እሷ አትጠራኝ፣ እኔ አልጠይቃት። ሰው የሚያስመልሰው ዕቃ ከሌለው በምን ምክንያት በር ያንኳኳል? ሕግዎን ስለሰማሁ በበዓሉ ቀን ጭልፋዬን የወጥ ቤት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አደረግሁና ድመቷን ለማስወጣት ዞር አልኩ። ድመቷ መውጣት አልፈለገችም ነበር።

ቶሮንቶ የመጣሁት በዓሉን ላይ አይደለም፤ የፈጠረውን ሰው ላይ ነው።

ፌበን የማላውቅ ይመስላታል። ይምሰላት፤ ስትፈራ ወጧ ይጣፍጣል። ቃልዎን ይስጡኝ።

በመጨረሻም፣ ትልቁ የእንጨት ጭልፋ በማድቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሶፋዎ ጀርባ ነው ያገኘሁት። ሕጉን ያውቁታል፤ እርስዎ ነዎት የጻፉት።

ኦዴት

* * *

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ኤፕሪል 14 ቀን 2025

ለኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ለልጄ ልጅ ለፌበን፣

ጌታ ቤትሽን፣ ድስትሽን፣ አማትሽንም ይባርክልሽ።

ኦዴት ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልጻፈችም። የወረቀት ዓሣ ብቻ ነው የላከችልኝ። ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ የዋህ ሴት ናት። ሔርሞንንም አትጠይቂያት፤ አፏ በብስኩት ተሞልቷል፣ እኔ ነኝ የሞላሁት። ዓሣውን ፓስተር ባሮክ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። እሁድ ሲሰብክ ጉባኤው አይቶ የክርስቲያን ምልክት መስሎት "አሜን" አለ፤ በሚቀጥለው እሁድ ሦስት ዲያቆናት የየራሳቸውን ዓሣ ለጥፈው መጡ። እኔ የለሁበትም።

አንድ ነገር ግን በማጣራት ደርሼበታለሁ፤ የጠጂቱን ጭልፋ የሰረቀችው አማትሽ ናት። ለጠጂቱ ስነግራት ከስንት ወር በኋላ አናገረችኝ፤ ያለችኝም ይህን ነው፤ "ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? ተነሥና አምጣ!" ሻንጣዬን ራሷ አሰናዳችልኝ፤ በርበሬና ሽሮ ሞልታ ለልብሴ ቦታ አላስቀረችም። ቲኬቱ ለጁን ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ? ንግሥተ ሳባም ሄዳለች። የጥንት ሕግ ነው። አልጋውን አንጥፊ፣ ድስቱን ጣጂ። በእግሬ እመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ ሦስት ጊዜ አመሰግናለሁ።

"ግን" የለም።

አያትሽ አምሃ